የማሳ ያለህ

ሰኞ ሞተሩ ገባ፣ በሰንሰለት ወርዶ፤
ማክሰኞ ቺንጊያው ጠበቀ፣ ጭስ ማውጫው ተበይዶ፤
ሐሙስ ቁልፉ ሲዞር፣ «ጧ» አለና ዝም፣
እንደ ተቀየመ ሽማግሌ፣ አንዴ ተናግሮ የማይደግም።

አገሩ ስቫኔቲ፣ ከካውካሰስ ጉያ፣
የድንጋይ ማማዎች በረዶ ደፍተው የቆሙባት ሜስቲያ።
መኪናው ዴሊካ፣ ዕድሜው የሹፌሩ እኩያ፤
ቢሙርዛ በበጋ ቱሪስት ጭኖ ኡሽጉሊ የሚወጣበት፣
በክረምት ምጥ የያዛትን ወደ ዙግዲዲ የሚያወርድበት።
የአሮጌው ሞተር ቴስታታ መስከረም ላይ ሲሰነጠቅበት፣
ከወንዙ ዳር የነበረችውን የድንች ማሳ ሸጠ፣
ሩስታቪ ገበያ ወርዶ ያገለገለ ሞተር መረጠ።
«ማሳውን በሞተር!» አለች እህቱ ናዚብሮላ፣
«በል እንግዲህ፣ እሱን ቀቅለህ ብላ።»

ጎቻን ጠሩት፤ በቺያቱራ የገመድ መኪና ሽቦ ሲጠግን ያደገ፣
ኤሌክትሪክ ስንቴ ነክሶት፣ ጓንት ያላደረገ።
ኮፈኑን ገልጦ አየ፤ ሞተሩ የአንድ ዘመን፣ ቦዲው የሌላ፣
ሶኬት ከሶኬት ሲገናኝ፣ ሰላምታው የይስሙላ፤
እዚህ ሰማያዊ ሆኖ የገባው፣ እዚያ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤
እዚህ ሰባት ጫፍ ይተርፋል፣ እዚያ አራት ይጎድላል።

ፍሬን ሲረገጥ፣ ዝናብ መጥረጊያው ይነቃል፤
ፍሬቻ ሲበራ፣ ራዲዮው ይስላል፤
የፊት መብራት ሲለኮስ፣ ዳሽቦርዱ ይጨልማል፤
ክላክሱ ማንም ሳይነካው፣ እንደ ጥጃ እምቧ ይላል።
«ሰይጣን ሰፍሮበታል» አለ ከአጥር ማዶ ጎረቤት።
«ሰይጣንማ ቢሆን» አለ ጎቻ፣ «ይወጣ ነበር በጸሎት።»

ፊውዞቹን አንድ ባንድ ነቅሎ ወደ ብርሃን ያዘ፤ ጤነኛ።
ባትሪውን ለካ፤ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት፤ ጤነኛ።
ሞተሪኖውን አውርዶ መሬት ላይ ሞከረው፤ እንደ ወይፈን ዘለለ፤ ጤነኛ።
ሁሉም ጤነኛ ከሆነ፣ ታዲያ ማነው በሽተኛ?

ቅዳሜ ማታ ናዚብሮላ ራት ይዛ መጣች፤
ኩርፊያዋ ባይበርድም፣ አምፖል ልትይዝላቸው ጠጋ አለች።
«አንዴ ድገመው» አለ ጎቻ። ቁልፉ ዞረ። «ጧ።»
ከዚያ ሌላ ጩኸት፣ የራሷ።
የነዳጅ መስጫውን ገመድ ተደግፋ ኖሯል፤
«ይሄ ክር የሚያህል ነገር፣ ምን ነክቶት ይግላል?»

ጎቻ ዝም ብሎ ሲጋራውን አጠፋ።
«ጅረት እንደ ሰው ነው፤ ወጥቶ መመለሻ ይሻል፤
ትልቁን በር ስትዘጋበት፣ በመስኮት ይሾልካል።
ይሄ ሞተር ማሳ የለውም፤ ማሳ ያጣ ደግሞ፣
ባገኘው ቀጭን መንገድ ይመለሳል፣ የማይቻል ሸክም ተሸክሞ።»

ቢሙርዛ አንገቱን ደፋ።
ጎቻ ስለ ሽቦ ነው ያወራው፤ ቃሉ በነሱ አፍ እርሻ አያውቅም፤
ሰሙን ከወርቁ ያጋባሁት እኔ ነኝ፤
ያ ሰው ግን ለምን እንዳቀረቀረ፣ እኔም አላውቅም።

ባትሪ አብርተው ወጡ። ከአጥሩ ሥር አሮጌው ሞተር በረዶ ለብሶ ተኝቷል፤
ከወገቡ የተጎነጎነ የመዳብ ሹሩባ ተንጠልጥሏል፣
ሞተሩን ሲያወርዱ ረስተውት፣ አረንጓዴ ዝገት ውጦት።
ጎቻ ፈታው፤ በኮምጣጤ አጠበው፤
የሻንሲውን ቀለም ፋቀ፣ ብረቱ ነጭ ጥርሱን እስኪያሳይ፤
አንዱን ጫፍ እዚያ፣ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ
አሰረ። ቢሙርዛ ቁልፉን በሁለት ጣት ነካ፤
ሞተሩ ሳይለመን ተነሣ። ይኸው ነበር ለካ!

እኩለ ሌሊት ሊሞክሩት ወጡ፣ ሦስቱም ከፊት ተጨናንቀው።
በወንዙ ዳር ሲያልፉ፣ መብራቱ ከአዲሱ ባለቤት ችካል ላይ አረፈ፤
ድንች በነበረበት፣ የሲሚንቶ ከረጢት ተሰለፈ።
ማንም ምንም አልተናገረ።
ወደ ቤት ሊታጠፍ፣ ቢሙርዛ ፍሬቻ አሳየ ወደ ግራ፤
ቀኙ በራ።